ወረቀት የሌለው ኪኒን

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት ራሴው ነኝ፣ በስኳር ከረጢትና በሳሙና ካርቶን ላይ። ዛሬ ደባርቅ ዙሪያ የተባይ መድኃኒት የገዛ ገበሬ የአጠቃቀም ወረቀቱን የሚያስነብበው እኔን ነው፤ ከእኔ የተሻለ አንባቢም አያገኝም።

አንድ ዓመት ገብሳችንን ነቀዝ ጀመረው። ገበያ ላይ የነቀዝ ኪኒን በፍሬ ይሸጣል። ሻጩ ከብልቃጡ ቆጥሮ አውጥቶ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የሚነበብ ነገር አልነበረውም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በየጆንያው ሁለት ሁለት ከትቼ አፉን ሰፋሁ። እህል ከዓይን አይራቅ ብለን ጆንያዎቹን የምንደረድረው ከመኝታችን ራስጌ ነው። መስኮቱም ለብርዱ በጨርቅ ተወትፏል።

በዚያው ቀን ለለቅሶ ዳባት ሄጄ አደርሁ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ባለቤቴ ከአልጋ አልተነሳችም። ታስመልሳለች፣ ትንፋሽ አጥሯታል። ጎረቤታችን ወተት በጣሳ ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ቡዳ ነው ጋሼ፤ ጠበል ይውሰዷት።»

«ይህ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«ነጭ ሽንኩርት ነዋ። ለቡዳው አስራ መስሎኝ።»

በቤታችን አንዲት ራስ ነጭ ሽንኩርት አልነበረም። ይህንኑ ሽታ ግን ጋዜጣውን ስፈታ እጄ ላይ አግኝቼው ነበር።

«ወተቱን ተይውና እግሯን ያዢ!» አልኋት። ተሸክመን ወደ ደጅ አወጣናት፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ።

ነርሷ ጉዳዩን ከሰማች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። «ኪኒኑ እርጥበት ሲያገኝ መርዝ ይተነፍሳል። ዛሬም እዚያው ብታድር አትነሳም ነበር። ሰው ከሚተኛበት ቤት ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ሦስት ቀን ተኝታ ዳነች። ጆንያዎቹ ከግቢው ዳር ወዳለው ዳስ እስኪወጡ ድረስ ግን ቤት አልገባም ብላ እህቷ ዘንድ ሰነበተች።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሌለውን መድኃኒት አልገዛም፤ ያለ ወረቀት ይዞ የመጣውንም ወደ ሻጩ እመልሰዋለሁ። በዚህ ስንቱን ቤት እንዳተረፍሁ አገር ያውቃል። ሰው ሲያመሰግነኝ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና፣ «ማንበቡንስ ያነባል፤ የሚያሸተው ሌላ ሰው ነው እንጂ» ትላለች።

እስከ ዛሬ ከደጅ ስትመለስ ከመድረኩ ላይ ቆም ብላ ታሸታለች። እኔም እስክትገባ እጠብቃታለሁ።