የእውነቷ በቅሎ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት የቡና ለቀማ ሊያበቃ ሲል፣ ከጅማ ወጣ ብሎ ሰቃ ላይ ነው። የማልረሳው በዕድሜዬ አንዴ ሳልጨምር የተናገርኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር የሚያውቀኝ ሁሉ ደዶ ላይ በቅሎ ረግጣኝ ወንዝ ተሻግሬ እንደወደቅኩ ሃያ ዓመት ሰምቷል። ሰው ሲበዛ ወንዙ ሁለት ይሆናል። እውነቱን ልናገርና ያቺ በቅሎ ጭራዋን እንኳ አልወዘወዘችብኝም።

የሰቃዋ ግን ረገጠችኝ። ቡና ስናራግፍ በኋላዋ ሳልፍ ከቀኝ ጎድኔ ሥር አገኘችኝ። የትም አልበረርኩም፤ እዚያው ቁጭ አልኩ። ሆዴ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ጅማ ቤቴ ስደርስ ግን ቀኝ ትከሻዬን ይወጋኝ ጀመር፤ ልነሳ ስል ዓይኔ ይጨልማል፣ ላብ ያጠምቀኛል።

ጎረቤቴ ጀማል ሰምቶ መጣ።

«አቦ፣ ሆድህን ተመትተህ ትከሻህን ካመመህ ውሸቱም ተበላሽቶብሃል» አለኝ።

ባለቤቴ ዘሃራ ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል «የነስሩ አባት፣ ዛሬስ ስንት ወንዝ ተሻገርክ?» አለች።

«አንድም» አልኳት።

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ፊቴን አየች፤ አረፋውን ሳታጥብ ወጥታ ባጃጅ ይዛ መጣች።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ለጅማም ለእኔም አዲስ ነበረች። ጀማል የሳቀበትን ትከሻ እሷ አልሳቀችበትም። ሆድ ውስጥ ደም ሲፈስ ሕመሙ ትከሻ ላይ ሊሰማ ይችላል አለችን። በአልትራሳውንድ ደም አየች፤ ሲቲ ስካን ስነሳ ጉበቴ ተሰንጥቋል።

ቢላዋ መጣ ብዬ ሊሞት እንደተቃረበ ሰው ሸሃዳ መያዝ ጀመርኩ። እሷ ግን የደም ግፊትዎ ሳይወርድ እስከቆየ ድረስ ሆድዎን አንቀድድም፣ ጉበት ራሱን ይጠግናል አለች። ከወረደ ግን በቀጥታ ቀዶ ጥገና ነው። ሳልነቃነቅ ተኛሁ፤ ግፊቴን በየሰዓቱ ለኩ፣ ደሜን ደጋግመው መረመሩ። ጀማል ደም ሰጠልኝ፤ እንዳያስቀኝ ተብሎ ግን በር ላይ ቀረ።

አልሐምዱሊላህ፣ ሳልቀደድ ወጣሁ። ከባድ ነገር ለወራት እንዳላነሳ ተከለከልኩ፤ ድሮም አላነሳም ነበር።

የሰቃዋን በቅሎ አሁንም የሚያምነኝ ጥቂት ነው። አልከፋኝም። ዘሃራ ግን ራስ ምታት እንኳ ሲይዘኝ ቆም ብላ «ስንት ወንዝ?» ትለኛለች። ሦስት እላታለሁ። ያኔ ተረጋግታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።