የዳማው ግራ ዓይን

ዳማውን ፈረስ ስገዛው ዕድሜውን አላወቅሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ከንፈሩን ገልጬ ጥርሱን አይቻለሁ፤ ረዝሞ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ወደ ፊት አግጥጦ ነበር። ከዓይኖቹ በላይ ያለው ሥፍራም ጎድጉዷል። ባለቤቱ ጫጫ አካባቢ የሚኖሩ፣ በጉግስ ሜዳ ስማቸው የታወቀ ሽማግሌ ነበሩ፤ ፈረሱም ከእሳቸው እኩል የታወቀ ነበር። ገና ጎረምሳ ሳለሁ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ሲሮጥ አይቼዋለሁ፤ ከወንጭፍ የወጣ ድንጋይ ይመስል ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ፈረሳቸውን ሊሸጡ ነው ሲባል የሰማሁ ዕለት፣ ያለችኝን አንዲት ደህና በቅሎ ይዤ ሄድሁና ለወጥሁት።

ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ስንመጣ አየችን።

«በቅሎዋስ?» አለች።

«እዚያ ቀረች።»

«የምትጫን፣ ገደል የምትወጣ በቅሎ ሰጥተህ ለሩጫ ብቻ የሚሆን ፈረስ አመጣህ። እሱም የሚሮጥ ከሆነ ነው» ብላ ገባች።

ለእሷም ሆነ ለሌላ ያልነገርሁት ነገር ነበር። እኔ ፈረስ እፈራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ከፈረስ ወድቆ፣ አውራ ጣቱ ከእርካቡ ሳትወጣ ያን ሁሉ ሜዳ ሲጎተት በልጅነቴ ቆሜ አይቻለሁ። ነፍሱ ተረፈች እንጂ ከዚያ ወዲያ ወገቡ ቀና ብሎ አያውቅም። ታዲያ ለምን ገዛህ ብትሉኝ፣ እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ቅኔ ቤቱን ጥዬ ወደ እርሻ የተመለስሁ ነኝ። በአማቾቼ ዘንድ «የቄስ ልጅ ምን ፈረስ ያውቃል» የሚል ፌዝ አይጠፋም ነበር። ፌዙን ከፈረሱ አብልጬ ፈርቼው መሆን አለበት።

የያዝሁት ነገር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያወቅሁት ከገዛሁት በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ብርዱ ይታወቃል፤ በጥቅምትና በኅዳር ሜዳው ሁሉ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ሽማግሌ ፈረስ ብርድ አይችልም። የራሳችንን ባና አለብሰው ነበር። ገብስ በጥሬው መቆርጠም ስላቃተው ይቀቀልለታል። የፊት እግሩ ጉልበት ያብጣል፤ ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውሃና በጨው አሸዋለሁ፤ ሰኮናውን በቢላ አስተካክላለሁ። ኮርቻው ደግሞ ከፈረሱ ያልተናነሰ ያረጀ ነው። እንጨቱ ተሰንጥቆ ፋቂው በእርጥብ ቆዳ ጠፍሮልኛል፤ ቆዳው ሲደርቅ ይጨመድድና እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። በወጣሁበት ቁጥር ያን ድምፅ እያዳመጥሁ፣ አሁን ተበጠሰ፣ አሁን ተሰበረ እያልሁ ነበር የምሄደው። ሦስት ጊዜ ጉግስ ወጥቼበታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልወረደልኝም። ሰው ግን «ደፋር ነው» ብሎኛል።

በኅዳር አንድ ጠዋት፣ ከግራው በኩል ቆሜ ባናውን ከጀርባው ሳነሣ ጫፉ ዓይኑ አጠገብ ተወናጨፈ። ዳማው አልጨፈነም። እጄን አነሣሁበት፤ ዝም አለ። የገለባ ስንጥር አስጠጋሁ፤ ዓይኑ እንደ ተከፈተ ቀረ። ራሱን ወደ ፀሐይ አዙሬ ሳየው፣ ብሌኑ ላይ የወተት ጠብታ የመሰለ ሞራ ተኝቶበታል። ሦስቱን የጉግስ ቀናት አስታወስሁ፤ ከግራ በኩል ተሽቀዳድሞ የመጣ ፈረሰኛ ቢኖር ኖሮ አልሁ በልቤ። እዚያው ጭዱ ላይ ተቀመጥሁ።

በማግስቱ ፈረሱን ሳልጭን እየሳብሁ ጫጫ ሄድሁ። ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ግራ ዓይኑ አያይም» አልኋቸው።

«አዎን፣ አያይም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጥርሱን አየህ፣ እግሩን ዳበስህ፣ ጅራቱን አነሣህ። ዓይኑን አላየህም» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ሲያዩኝ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ነውር ሠርቻለሁ፤ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ከነገርሁት የሚወስደው አላገኝም ብዬ ነው። በቅሎህ ያችውልህ፤ ውሰድ።»

በቅሎዬ ከቤቱ ኋላ ታስራ ትታየኛለች። ይዣት ብመለስ አማቾቼ የሚሉት ቁልጭ ብሎ ታየኝ። «አልወስድም» አልሁ። ሽማግሌው ለፈረሱ ራርቼ መስሏቸው መረቁኝ። ምርቃቱ አይገባኝም ነበር።

ሲሸኙኝ አንድ ነገር አስተማሩኝ። «በግራው ስትሆን እጅህ ከአንገቱ አይለይ። አነጋግረው። የምትለው ምንም ይሁን፣ ድምፅህን ይስማ። ዝም ያልኸው ዕለት ነው የሚደነግጠው። ጉግስ ግን በቃው።»

ለባለቤቴም አልነገርኋትም። ጥምቀት እስኪደርስ አንድ ምክንያት እፈጥራለሁ እያልሁ ሰነበትሁ።

ታኅሣሥ ሲገባ ከአንኮበር መልእክተኛ መጣ። አባቴ እዚያ ደብር አገልጋይ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ ከተማው ጭር ብሎ ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ እሳቸው ታቦቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ ብለው የቀሩ ናቸው። መልእክተኛው እንዳለው ከቅዳሴ ሲመለሱ በጭጋጉ አዳልጧቸው፣ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሯል። በቅሎ የለኝምና ዳማውን ጫንሁ። ገና ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ፣ እሱን ለማሳረፍ ግማሹን መንገድ በእግሬ ሄጄ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረስሁ።

አባቴ መደብ ላይ ተኝተዋል። እግራቸው አብጦ የሌላ ሰው እግር መስሏል። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል።

«ሸሁን አምጣልኝ» አሉኝ። «ሌላ እንዳይነካኝ።»

ሸሁ አሊዩ አምባ የሚኖሩ የታወቁ ወጌሻ ናቸው። ቄሱም ነጋዴውም ሲሰበር የሚጠራው እሳቸውን ነው። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ሥር፣ ከገደሉ በታች ነው። ያን ቁልቁለት በእግሬ ብዙ ጊዜ ወርጄዋለሁ። ፈረስ ይዤ ግን ወርጄ አላውቅም። በዚያ መንገድ ፈረስ የሚነዳ ሰውም አይቼ አላውቅም።

ሸሁ ዳገቱን በእግራቸው ባይወጡትስ ብዬ ግን በማግስቱ ጠዋት ዳማውን ጭኜ ወረድን። እኔ ገመዱን ይዤ ከፊት፣ ዳማው ከኋላ። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ በጣም ይጠብባል፤ በአንድ ወገን ቋጥኝ ነው፣ በሌላው ወገን ምንም የለም። ጥዶቹ ከሥር እንደ ሣር ይታያሉ። እኔ ቋጥኙን እየታከክሁ ስሄድ ፈረሱ ግን ሰኮናውን በእርጋታ እያስቀመጠ፣ ጆሮውን እንኳ ሳያቆም ተከተለኝ። እንዲህ ያለ ጀግና ነው እንዴ ብዬ ተገረምሁ። ካለፍነው በኋላ ነው የገባኝ። ገደሉ በግራው ነበር። አላየውም።

ወዲያው ሌላው ሐሳብ መጣ። ስንመለስ ገደሉ በቀኙ ይሆናል።

ሸሁን ከቤታቸው አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ጢማቸው በሒና የቀላ አዛውንት ናቸው። ነገሩን ሰምተው ወዲያው ሸንበቆአቸውንና ቅባታቸውን ማሰር ጀመሩ።

«ልጄ በቅሎዬን ይዞ ከነጋዴ ጋር ቆላ ወርዷል» አሉ። «የእኔ ጉልበት ደግሞ ዳገት አይችልም። የሰው አጥንት ስጠግን የራሴ አለቀ። ከብት ይዘሃል?»

«ይዣለሁ» አልሁ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አባቴ የተኙበት መደብ ታወሰኝና ዝም አልሁ። ሸሁ «ቢስሚላህ» ብለው ወጡ፤ እርካቡን ይዤ አስቀመጥኋቸው።

ዳገቱን ስንጀምር ጭጋግ ነበር፤ ደስ አለኝ። ጭጋጉ ሁሉን ሸፍኖ ቢያሳልፈን ብዬ እየጸለይሁ ነበር የምሄደው። ጠባቡ ቦታ መሐል ስንደርስ ነፋስ ከቆላ ተነሣና ጭጋጉን ገለጠው። ዳማው በቀኝ ዓይኑ ገደሉን አየ።

ቆመ። ሳብሁት፤ አልተነቃነቀም። ቆዳው ከአንገቱ እስከ ጭኑ ይርገበገባል፤ አፍንጫው ተነፋ። ከዚያ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። የኋላ እግሩ አንድ ድንጋይ ነካና ድንጋዩ ወረደ። ሲመታ እንሰማለን ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሰማንም። የወንድሜ ጣት ያለባት እርካብ በዓይኔ ላይ ሄደች።

«ልጄ» አሉ ሸሁ ከላይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህ ፈረስ ምን ሆኗል?»

«ግራ ዓይኑ አያይም፣ ሸህዬ። ስንወርድ ገደሉ በግራው ስለነበር አላየውም። አሁን ነው ያየው።»

«ይህን እያወቅህ ነው ያስቀመጥኸኝ?»

«አዎን።»

ላወርዳቸው ብል ቦታ የለም፤ በግራ ቋጥኙ ከጉልበታቸው ጋር ተጣብቋል፣ በቀኝ ገደሉ ነው። ሸሁ ጥምጥማቸውን ፈቱና ጫፉን ወደ እኔ ዘረጉት።

«የሚያየውንም ሸፍነው» አሉ።

«ጭራሽ ይታወራል እኮ።»

«ያን የማያይ ዓይኑን እስከ ዛሬ በምን መራኸው?»

«በድምፅ።»

«እንግዲያው ለሁለቱም ይበቃል። ቶሎ በል፣ ጉልበቴ ደክሟል።»

ጨርቁን በራሱ ላይ አሰርሁ፤ ላላብኝ። ሁለት ጊዜ ፈታሁት። በሦስተኛው አሰርሁና እጄን ጉንጩ ላይ አድርጌ «ና» አልሁት። አልመጣም። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱም ያን መንቀጥቀጥ ይሰማል። ጆሮዎቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የምለው ነገር ጠፋኝ። በመጨረሻ ልጅ ሆኜ በቃሌ የያዝሁት ዳዊት መጣልኝ፤ እሱን ማለት ጀመርሁ፤ ቃሉ ስለሚታወቀኝ ድምፄ ቀጥ አለ። ዳማው አንድ እግሩን አነሣ። ሌላውንም አነሣ። ሸሁም ከኮርቻው ላይ የራሳቸውን ያነበንባሉ። እንደዚያ ሆነን፣ እኔ የኋሊት እየሄድሁ፣ ተረከዜ ድንጋዩን እየዳበሰ፣ ኮርቻው ሲጥ ሲጥ እያለ ሄድን። የቱን መዝሙር ስንት ጊዜ እንደ ደገምሁ አላውቅም። ከሥሬ ሣር ሲነካኝ፣ የደጋው ጅብራ ተክሎች ግራና ቀኝ ቆመው ሳይ፣ ዞር ብዬ አስታወክሁ።

ሸሁን አወረድኋቸው። እግራቸው መሬት ሲነካ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጥምጥማቸውን ከፈረሱ ራስ ላይ ራሳቸው ፈቱ። ሳይበሳጩ ተናገሩኝ፤ ያ ደግሞ ከብስጭት ይብሳል።

«መፍራትህን አልነቅፍህም፤ እኔም ፈርቼ ነበር። አባትህ ተኝተው ሳሉ ይህ ሁሉ እንዳለ ብትነግረኝም እመጣ ነበር። ግን እያወቅሁ እመጣ ነበር።»

ገመዱን አንሥቼ ወደ አባቴ ቤት መራኋቸው።

አባቴ አጥንቱ ሲገጥም አንድ ጊዜ ብቻ ጮኹ። ሸንበቆው ታሰረ። ሸሁ ሰባት ቀን ከእኛ ጋር ሰነበቱ፤ የሚበሉትን የሚያርድላቸው አንድ እስላም ጎረቤት ነበር። ሲመለሱ ከደብሩ በቅሎ ተለምኖ መጣላቸው። ዳማውን በሩቁ እያዩ «እሱንስ ሰላም በልልኝ» ብለው ሄዱ። አባቴ በፋሲካ ተነሥተው ቀደሱ፤ አንዱ እግራቸው ትንሽ አጠረ እንጂ።

ፋሲካ ሳይደርስ፣ በጥምቀት፣ የሚስቴ ታላቅ ወንድም «ፈረስህን ጫን፣ ሜዳው ይጠብቅሃል» ሊለኝ መጣ። ባለቤቴ ባለችበት፣ ፈረሱ ግራ ዓይኑ እንደማያይ፣ እኔም ፈረስ እንደምፈራ፣ ድሮም እፈራ እንደነበር ነገርሁት። ሣቀ። ወሬው እስከ ማታ አገር አዳረሰና ሌሎችም ሣቁ። ሚስቴ አልሣቀችም። «ጉግስ በወጣህ ቁጥር እህል አለመብላትህን አላየሁም መሰለህ?» አለችኝ።

ዳማው ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። በመጨረሻው ዓመት ቀኝ ዓይኑም ፈዘዘ። አንድ የጥር ቀን ከቤቱ ጓሮ ተኝቶ ሳይነሣ ቀረ። ጅብ እንዳይነካው ብዬ ጉድጓድ መቆፈር ጀመርሁ። ጎረቤት ለፈረስ መቃብር ሲቆፈር አይቶ አያውቅምና ቆሞ ተመለከተኝ፤ ኋላ አንድ ሁለቱ ዶማቸውን ይዘው መጡ። መሬቱ በበጋ ደርቆ ጠንክሮ ሁለት ቀን ፈጀብን።

ሌላ ፈረስ አልገዛሁም። ዛሬም መንገድ ላይ ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ፣ ፈረሰኛው ማን እንደሆነ ሳላይ ከመንገዱ እወጣለሁ።