ሃያ ሦስት ደቂቃ

ሰኞ ሰኞ የቱሪስት መረጃ ቢሮው ሲከፈት፣ እዚያ የምትሠራው ሄድቪግ ካፖርቷን ሳታወልቅ አንድ ሽማግሌ ከች ይላሉ። ቱሪስት እንኳ አይደሉም። ከዘንቢሉ ባሮ ሽንኩርት ብቅ ያለበት፣ የቤት ቁልፉ ቀበቶው ላይ የሚንሿሿ ምን ቱሪስት አለ? በነፃ የሚታደለውን ካርታ ይዘረጉና በቀይ እስክሪብቶ ይወጉታል።

«ከካቴድራሉ እስከ ባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ብላችኋል። ሃያ ሦስት ነው። ለክቼዋለሁ።»

«ጌታዬ፣ ባለፈው ሳምንትም ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለምን አልታረመም? እናንተን ያመነ እንግዳ ባቡር ያመልጠዋል እኮ።»

ሄድቪግ በዚያው ቀን በምሳ ሰዓቷ ራሷ ሄዳ ለካችው፤ አሥር ደቂቃ ነው። ይህንኑ ስትነግራቸው ሽማግሌው ሳቁባት።

«ብቻዎን ሄደው ነዋ። ድልድዩ ላይ ቆማ ዳክዬ የምትቆጥር ሚስት ይዘው ይሞክሩት እስቲ።»

ከዚያ ሦስት ሰኞ ቀሩ። ሄድቪግም ተገላገልኩ አለች።

ዛሬ መጡ። ዘንቢል አልያዙም፣ እስክሪብቶም አላወጡም። ካርታውን በጥንቃቄ አጥፈው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት።

«ልክ ናችሁ» አሉ። «ብቻዬን ስሄደው አሥር ደቂቃ ነው።»

በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ሄድቪግ መሳቢያዋን ከፍታ ቀይ እስክሪብቶ ትፈልግ ጀመር።