የበለስ ጥፍጥፍ

ቦሳ ኪቶ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለጥምቀት የሚዘጋጁትን ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት የማስተምረው እኔ ነኝ። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ጊንጆ ውስጥ ትንሽ ቤት ተከራይቼ እሰፋለሁ። ከኮሌጅ የሚመጡት ተማሪዎች በጥያቄ ያዋክቡኛል፣ እኔም ክርክር እወዳለሁ። ክርስቶስ በቤተልሔም እንደሚወለድ አስቀድሞ መነገሩን፣ በአህያ ውርንጭላ መግባቱን፣ ወታደሮቹ በልብሱ ላይ ዕጣ መጣጣላቸውን፣ ትንቢቱን ከፍጻሜው ጋር እያገናኘሁ አስነብባቸዋለሁ። ልብሱ ጋ ስደርስማ ማን ይቻለኝ! ስፌት የሌለው ልብስ ለምን እንደማይቀደድ ልብስ ሰፊ ካላስረዳ ማን ያስረዳል? ትምህርቴን የምቋጨው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር የተናገረውን ሳይፈጽም አይቀርም።

ታላቅ እህቴ ከተጠመቀች ብዙ ዘመኗ ነው፣ ግን ቅዳሜ አትቀርም፤ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ "አሜን" ትልልኛለች። ገበያ ቅመም ትሸጣለች። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስኳር በሽታ ስላለባት ከምግብ በፊት ኢንሱሊን ትወጋለች። ፍሪጅ ስለሌላት መድኃኒቱን የሚያስቀምጡላት ጎረቤቷ ናቸው፤ አዴ እያልን የምንጠራቸው ባለሱቅ ሙስሊም እናት። ከለስላሳው ጠርሙስ ኋላ በላስቲክ ጠቅልለው ያኖሩላታል።

አንድ እሑድ ከሌላ ከተማ የመጣ አገልጋይ እጁን ጭኖባት፣ "ስኳሩ ከደምሽ ወጥቷል ይላል ጌታ" አላት። እኛ ዘንድ ደግሞ ልማድ አለ፤ ሰው ፈውሱን ገና ሳያየው በእምነት ይመሰክራል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማረጋገጥ እንደ ጥርጣሬ ይቆጠራል። እህቴ በሳምንቱ መድረክ ላይ ወጥታ "ድኛለሁ!" ስትል ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔም እልል አልኩ። ደስ ብሏት ሳያት ምን ላድርግ? መርፌውን ታቆማለች ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

የነገሩኝ አዴ ናቸው። ሳሙና ልገዛ ሱቃቸው ጎራ ብዬ ነበር።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እህትሽ ዳንኩ አለችኝ። አልሐምዱሊላህ። ግን መድኃኒቷ ይኸው እዚህ ቁጭ ብሏል፣ ከዚያ ወዲህ መጥታ አታውቅም። ልጣለው እንዴ?"

"አይጣሉት! በፈጣሪ አይጣሉት!" ብያቸው ሳሙናውንም ትቼ ወደ እህቴ ሮጥኩ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ውሃ በጆግ ትጠጣለች። ጉንጯ ገብቷል። ሳቅፋት፣ ስኳሯ ሲያሻቅብ እንደሚሆነው፣ ትንፋሿ ከልክ በላይ እንደበሰለ ሙዝ ሸተተኝ። ደሜ ፈላ።

"እትዬ፣ አብደሻል? ራስሽን ልትገድዪ ነው?"

"አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። የተናገረውን ሳይፈጽም አይቀርም አላልሽም?"

"እሱ የተናገረውን ነው ያልኩት! ሰውዬው የተናገረውን መች አልኩ?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" አለችኝ። ስትሞት እንኳ ጎረቤት እንዳይሰማ የምትጨነቅ ሴት ናት።

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ፤ ወይ ፍንክች! ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። ለተማሪ ሳይሆን ለነፍስ ስፈልግ ያ የማውቀው መጽሐፍ እንግዳ ሆነብኝ። በመጨረሻ የታመመውን ንጉሥ አገኘሁት። ነቢዩ ራሱ ትድናለህ፣ ዕድሜ ተጨምሮልሃል ብሎታል፤ ቃሉም ተፈጽሟል። ግን ያው ነቢይ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉ ብሎ አዟል። እግዚአብሔር ተናግሮም መድኃኒት ነበረ! ብቻዬን እንደ እብድ ጮህኩ፤ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት መጽሐፉን ይዤላት ሄድኩ።

ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝ። ስጨርስ እንባዋ ወረደ።

"ይሄ ጠፍቶኝ መሰለሽ?" አለች። "ገብቶኛል። ግን ከዚያ ሁሉ እልልታ በኋላ በምን ፊቴ? 'ስታምን ዳነች፣ ስትጠራጠር ተመለሰባት' ሊሉኝ እኮ ነው። በኔ የተነሳ የጌታ ስም ይሰደብ?"

ለካ እህቴን የያዛት እምነት አልነበረም፤ ይሉኝታ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ስሰማ የኖርኩት ተረት እሷ ላይ ደረሰ። ንጉሡ እኮ የመሰከረው ከዳነ በኋላ ነው ልላት አፌን ስከፍት አስመለሳት፤ ከዚያ ጎኗ ላይ ወደቀች።

ባጃጅ አስቁሜ፣ ከሹፌሩ ጋር ተሸክመን አስገባናት። አዴ መድኃኒቱን በላስቲኩ እንደያዙ ነጠላ ጫማቸው አንዱ ወልቆ ሮጠው ደረሱብን። ሆስፒታል ስንደርስ እህቴ እንደ ሯጭ እያለከለከች ነበር፤ ስጠራት አትሰማኝም። ሐኪሙ መርፌ መቼ እንዳቆመች ሲጠይቀኝ ያፈርኩትን ማፈር እኔ ነኝ የማውቀው።

ከቤተ ክርስቲያን መጥተው አልጋዋን ከበው ጸለዩ። አንዷ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ "ብቻ አንቺ አትጠራጠሪ፣ ፈውሷን እንዳታስነጥቂያት" አለችኝ። በጥፊ ላጮላት ምንም አልቀረኝ። ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። የዳንነው በእርሱ ሥራ ነው፣ በእምነታችን ብርታት አይደለም ብዬ የማስተምረው እኔ፣ እህቴ የምትተርፈው እኔ ካልተጠራጠርኩ ብቻ ይመስል ጥርጣሬዬን በሁለት እጄ አፍኜ ያዝኩ። ከዚያ ደከመኝና ለቀቅኩት። "ጌታ ሆይ፣ አልቻልኩም" አልኩ። "እየተጠራጠርኩ ነው። እንደዚሁ እንዳለሁ እህቴን ስጠኝ። እናት አልቀረችልኝም፣ እሷን አትውሰድብኝ።" ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። አዴ አጠገቤ ቁጭ ብለው በራሳቸው መንገድ ዱዓ ያደርጉ ነበር።

ተረፈች። ዓይኗ ግን ከዚያ ወዲህ ደከመ፤ በርበሬና ሚጥሚጣ የምትለየው በማሽተት ሆኗል።

መሄድ ስትችል፣ "እሑድ መድረክ ላይ ታወጪኛለሽ" አለችኝ። ተዪው ብላት እምቢ አለች። ክንዷን ይዤ ወጣን። ማይኩን ተቀበለች።

"ድኛለሁ ብዬ ነበር" አለች። "አልዳንኩም። መርፌ እየተወጋሁ ነው ያለሁት። ያዳነኝ ጌታ ግን ያው ነው።"

ያንን ሁሉ እልልታ የት እንደከተቱት እንጃ! አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዷ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። እህቴ ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ፤ እየጠበቀች ነው።

እልል አልኩ። ብቻዬን። ለቅሶ ተቀላቅሎበት ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ማንም አልተቀበለኝም፤ እኔም አላቆምኩም።

"በቃሽ፣ ጉሮሮሽ ይላጣል" አለችኝ እህቴ። "ነይ አዴ ጋ እንሂድ፤ የመርፌዬ ሰዓት ደርሷል።"

ማይኩን ከአፏ አላራቀችም ነበር፤ ሁሉም ሰማ።