የካፒቴኑ ውሻ የበላው

ትናንት ከዝናብ በኋላ አንዲት ጥንዚዛ የፋንድያ ድቡልቡሏን በኋላ እግሯ እየገፋች በደጄ ስታልፍ አየሁ። ጎንበስ ስል እርጥብ ፋንድያ ሸተተኝ። በጣሊያን ጊዜ የነበረው የመተማ ክረምት ጠረን ነው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከወታደሮች የለቃቀምኩት ጣሊያንኛ ስለነበረኝ የካፒቴኑ አስተርጓሚ ሆኜ ነበር። አባቴ ደግሞ አዳኝ ውሻውን እየመገቡ ይጠብቁለት ነበር። ካፒቴኑ ስለ ጀግንነቱ ብዙ ያወራል። እኔ ያየሁት ሥራው ግን ከምሳ በኋላ ከበቅሎዎቹ ጋጣ ጥንዚዛ እያስለቀመ ለውሻው መወርወር ነው። ውሻው አየር ላይ ቀልቦ ቅርፊቷን ቀጭ ሲያደርጋት መኮንኖቹ ያጨበጭባሉ። ባሕር የተሻገሩት ለዚህ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ውሻው ከሳ፤ የዋጠውንም ይመልስ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ካፒቴኑ የጦር ሰፈሩን ሠራተኛ ሁሉ ሰብስቦ አባቴን መሀል አቆማቸውና፣ "ለውሻው የሚሰጠውን ሥጋ አንተ እየበላህ በረሃብ ገደልከው በለው" አለኝ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ተረጎምኩት።

"በጾም?" አለ ከሠራተኞቹ አንዱ።

"እሱስ ይሁን፤ ከውሻ ቀምቶ?" አለ ሌላው።

አባቴ ትክ ብለው አዩኝና፣ "አልበላሁም በልልኝ" አሉ። አልኩላቸው። ካፒቴኑ፣ "ሌባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው" ብሎ ሳቀ። ያንንም ተረጎምኩ።

የጦር ሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም እዚያው ሰው ፊት በድኑን ቀደደ። ጉሮሮው ውስጥ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበር፤ ሲሰነጥቀው ቀያይ ትሎች እንደተጠቀለሉ ወጡ። "ረሃብ አይደለም" አለ በጣሊያንኛ። "ትሉ ጉሮሮውን ዘግቶበት ነው። የሚመጣውም ከጥንዚዛዋ ነው፤ ውሻው ሲበላት ይገባበታል። ሰውየው ጥፋት የለበትም።"

ሰዉ አፍ አፌን ያየኛል። ልናገር ስል ካፒቴኑ፣ "ይሄን አትተርጉም" አለኝ።

አልተረጎምኩም። መሣሪያ አልደገነብኝም፤ አልዛተብኝም። እንዲሁ አለኝ፤ እንዲሁ ዝም አልኩ። ያን ሰው እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ውሻውን በገዛ እጁ ገድሎ በጿሚ ሰው የሚያላክክ ፈሪ ነበር። ያን ቀን ግን ፈሪው እሱ ብቻ አልነበረም።

ወደ ቤት ስንሄድ ለአባቴ ነገርኳቸው። "ከጥንዚዛዋ ነው፣ አባባ። ሐኪሙ እርስዎ ጥፋት የለብዎትም ብሏል።"

"መቼ?"

"ቅድም፣ እዚያው።"

ጥቂት ተራመዱ። "ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ እንዳልበላሁ አውቃለሁ።"

በነጋታው ቤት ለቤት እየዞርኩ ተናገርኩ። ጎረቤታችን ሳቀችብኝ። "ጥንዚዛ ውሻ ገደለች? ምን ታድርግ፣ አባትህ ናቸው" አለችኝ።

ጾሙ ሲፈታ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ማዕድ ተቀመጠ። ሥጋው ሲቀርብ ዓይን ሁሉ አባቴ እጅ ላይ አረፈ። እሳቸው አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ።

"ብላ፣ ልጄ" አሉ። አጎረሱኝና እጃቸውን ታጥበው ተነሡ።