የዶክተሩ አደራ

ከአዋሽ የወጣሁት መግሪብ እንደተሰገደ ነው። ሻይ ቤቴን ቀበሌው ካሸገብኝ ወዲህ አገሩ አስጠልቶኝ ነበር፤ አላስኬድ ያለኝ ወንድሜ ሰይድ ብቻ ነው። የጥጥ እርሻ ቦይ ውስጥ ሲውል ቢልሃርዝያ ጉበቱን ጎድቶት፣ ባለፈው ክረምት ደም አስታወከ። የክሊኒኩ ዶክተር ገረመው መብራት ያለው ጥቁር የጎማ ቱቦ በአፉ አስገብቶ፣ ጫፉ ላይ ባለው መስታወት እያየ፣ የሚደማውን ሥር በመርፌ አቆመለት። እኔ ጭንቅላቱን ይዤ ነበር። ሰይድ ጨንቆት ጎማውን ቢነክሰው፣ ዶክተሩ «ቀስ በል፣ ይሄ ምትክ የለውም» አለው። እውነቱን ነው፤ ፈረንጆች ለክሊኒኩ የሰጡት አንድ መሣሪያ ነበር።

«ደሙ ቢመለስም እኔም መሣሪያውም እዚሁ ነን» አለኝ ዶክተሩ። በድብቅ ጅቡቲ ከሚያሻግረው ደላላ ጋርም ያገናኘኝ እሱ ነው። ስሰናበተው «ወንድሜን አደራ» አልኩት። «አንቺም አደራ» ብሎ በጋቢ የተጠቀለለ ዕቃ ሰጠኝ፤ ጅቡቲ ላለው አማቹ የሚደርስ ሺሻ ነው አለኝ። የሰው አደራ ደግሞ አይፈታም።

ጥጥ የጫነ መኪና ላይ ተጋድመን ሎግያን አለፍን። ሰመራ ያኔ ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበረች። ድንበሩን በእግር ተሻግረን ስንጨርስ ጀንዳርም የሚሉት አንድ የጅቡቲ ድንበር ጠባቂ ጥቅሉን ፈታው።

«ሺሻ ነው» አለ ደላላው ፈጠን ብሎ።

«ይሄ ሺሻ ዓይን አለው» አለ ጀንዳርሙ በተሰባበረ አማርኛ።

«ዘመናዊ ነው።»

ጀንዳርሙ ሳቀና መለሰልኝ። እኔ የሰይድን የጥርስ ምልክት ጎማው ላይ አየሁት። ደላላው «ለአማቹ እኔ አደርሰዋለሁ» ብሎ ከእጄ ነጥቆ ይዞት ሄደ። አደራ በላ ሲባል እሰማ ነበር፤ የገዛ ወንድሜን መድኃኒት አሸክሞ የሚሸኝ ሐኪም ግን አላውቅም ነበር።

የአዋሽን ሙቀት የምትረግሙ ሁሉ፣ ጅቡቲን ስታዩ ይቅርታ ትጠይቁታላችሁ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጣሪያ ላይ መኝታ አከራየችኝና «ነፋሱ በነፃ ነው» አለችኝ። ነፋስ የለም። ባጌት የሚሉትን ረጅም ዳቦ እያላመጥኩ የሰይድን ነገር አስባለሁ።

እንደምንም ወደ አዋሽ ደወልኩ። ሰይድ ቴሌ ተጠርቶ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ትንሽ ያቅለሸልሸኛል እንጂ።»

መስመሩን ሰው እንደሚሰማው ስለማውቅ የመሣሪያውን ነገር አላነሳሁም። «ሰይድ፣ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ሂድ» አልኩት።

«መሣሪያው እዚህ እያለ? ይኸው ዶክተሩም አብሮኝ መጥቷል፤ ሰላም በዪው።»

«እንዴት ነሽ እህቴ» አለ ዶክተሩ። «አደራው ደረሰ?»

«ደርሷል። የኔስ አደራ?»

ከዶክተሩ ኋላ ሰይድ ከቴሌዋ ልጅ ጋር ሲሳሳቅ ይሰማኝ ነበር።