ነፋስ ያልገባበት ዕቅድ

ንዋይ ብስክሌት መንዳት የተማረው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ነው። በዚያ መንገድ ያደገ ሰው ቁልቁለቱ ያተረፈለትን ጉልበት ሲመለስ ዳገቱ መልሶ እንደሚወስድበት ያውቃል። ስለዚህ አሁን በሚኖርበት በግብፅ ከጊዛ ተነሥቶ የዓባይን ዳር ይዞ ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን መንገድ ባየ ጊዜ፣ ዳገትም ቁልቁለትም ስለሌለው፣ መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ በኋላ ይህን ሐሳብ ሊያስለውጠው የቻለ ሰው አልነበረም።

ጉዞው የስለት ነበር። ባለፈው ዓመት የሳንባ ምች ጥሎት በነበረ ጊዜ፣ ከዳነ በብስክሌት ሄዶ የቁስቋምን ገዳም ሊሳለምና በብስክሌት ሊመለስ ተስሏል። አሁን ድኗል፤ ዕቅዱንም አውጥቷል። የመጀመሪያውን ሌሊት ቤኒ ሱዌፍ፣ ሁለተኛውን ሚንያ ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን ገዳሙ ይደርሳል። በሁለቱም ከተሞች የቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ማረፊያ ተፈቅዶለታል። የኅዳር ቁስቋምን ካከበረ በኋላ በዚያው ርቀት፣ በእነዚያው ማደሪያዎች ተመልሶ ሰኞ ማታ ቤቱ ወዳለበት ወደ ቡላቅ አል-ዳክሩር ይገባል። ማክሰኞ ጠዋት እርሱና ሚስቱ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ኢቃማውን፣ የሚያሳድሱበት ቀጠሮ አላቸው።

«ሰኞ ባትገባስ?» አለች ሸዋረጋ፣ ሚስቱ።

«እገባለሁ።»

«ባትገባስ ነው የምልህ! አንተ ከሌለህ የእኔንም አያዩልኝም። ያለ ኢቃማ ሜትሮ ጣቢያው በር ላይ ቢይዙኝ፣ ‹ባሌ ስለት ላይ ነው› ልበላቸው?»

ሸዋረጋ በየማለዳው ሰው ቤት ለማጽዳት ወደ ማዓዲ ትሄዳለች፤ ፍተሻው የሚበዛው ደግሞ በዚያ መስመር ነው። ንዋይ ይህን ያውቃል። ነገር ግን ቀኑን ለማኅበርተኞቹ ሁሉ አስቀድሞ ስለተናገረ፣ ቃሉን ማጠፍ ከሚስቱ ሥጋት በልጦ ከበደው። ሰው ለፈጣሪ የተሳለውንና በሰው ፊት የፎከረውን መለየት ሲሳነው እንዲህ ይሆናል።

በበዓሉ ዋዜማ ሳምንት፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ከወዳጁ ከኢዩኤል ጋር ለሙከራ በዚያው መንገድ ላይ እስካለችው እስከ አል-ዓያት ወረደ። ኢዩኤል በኦልድ ካይሮ እንጨት የሚቀርጽ፣ በዕድሜ የሚያንሰው ቀልደኛ ነው። መንገዱ ከታሰበው በላይ ቀለለ። ፔዳሉ ራሱ የሚዞር እስኪመስል ድረስ ተንሸራተቱ፤ ንዋይም ጉልበቱ እንደ ወጣትነቱ ዘመን የተመለሰ መሰለው።

«ጋሼ፣ በዚህ አያያዝ አስዋን ሳንደርስ የምንቆም አይመስለኝም!» አለ ኢዩኤል።

ብስክሌታቸውን ወደ ሰሜን ባዞሩ ጊዜ ግን ነፋሱ ደረታቸውን ገፋቸው። ከባሕር ተነሥቶ ሸለቆውን ይዞ የሚወርደው ነፋስ ሲሄዱ ከጀርባ ሲያግዛቸው ነበርና አላስተዋሉትም። ንዋይ አንገቱን ደፍቶ ታገለ። ዳገት ቢሆን ጫፉ ይታያል፤ ይህ ግን ጫፍ አልነበረውም። ጭኑ ተንቀጠቀጠ፤ ሆኖም የቴምር ዛፎቹ ከአጠገቡ የማያልፉ መሰለው።

«ጋሼ፣ ይኼ ነፋስ ቤት የለውም እንዴ? የማይመሽበት!»

ንዋይ ፔዳሉን መግፋቱን ቀጠለ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ጊዛ ገና ሩቅ ነበረች። በፍተሻ ኬላው አንድ ወታደር አስቆማቸውና «ኢቃማ!» አለ። የንዋይን መታወቂያ ወደ መብራቱ አስጠግቶ ቀኑን አነበበ፤ ደግሞም አነበበ። ንዋይ በዚያች ቅጽበት በዓይነ ኅሊናው ያየው ራሱን አልነበረም፤ በሜትሮው በር ላይ ለብቻዋ የቆመችውን ሸዋረጋን ነበር።

«ሊያልቅ ነው» አለው ወታደሩ በዐረብኛ፤ ከዚያም «ኸላስ፣ ያላ!» በቃ ሂድ ብሎ መታወቂያውን መለሰለት።

ቤቱ ሲደርስ ሸዋረጋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኛት። እግሩ አልታዘዝ ብሎት በግድግዳው ተደገፈ።

«አል-ዓያት ቅርብ አይደል?» አለችው።

«ቅርብ ነው።»

«ታዲያ?»

ነፋሱን ነገራት። ከቤኒ ሱዌፍ ይቅርና ከዚያች ከቅርቧ መንደር እንኳ በታሰበው ሰዓት እንዳልተመለሰ፣ ሰኞ ማታም መግባት እንደማይችል ሳይሸፋፍን ተናገረ።

ኢዩኤል ከኋላ ሆኖ፣ «በባቡር መመለስ አለ፤ ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ቁስቋም ይህን ትረዳለች» አለ።

«በብስክሌት እመለሳለሁ ብያለሁ» አለ ንዋይ።

ሸዋረጋ ቀና ብላ አየችው። «በኅዳር ነው ብለህ ተስለሃል?»

ንዋይ ከአልጋው ላይ ሆኖ የተሳለውን ቃል በቃል አስታወሰ። ወር አልጠራም ነበር። ወሩን የጨመረው በማኅበርተኞቹ ፊት፣ ሲያጨበጭቡለት ነው።

«ወር በገባ በስድስተኛው ቀን ሁሉ ቁስቋም ናት» አለች። «ማክሰኞው ግን አንድ ነው።»

በማግስቱ ንዋይ ለማኅበርተኞቹ ደውሎ ጉዞው ወደ ታኅሣሥ መዛወሩን ነገራቸው። አንዱ፣ «ፈራህ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። ንዋይም፣ «አዎን» አለ። ከዚያ በኋላ ለመመለሻው ከበፊቱ እጥፍ ማደሪያ መፈለግ ጀመረ፤ መጀመሪያ የፈለገውም በአል-ዓያት ነበር። በቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ግን ከሸዋረጋ ጋር ጎን ለጎን በመኖሪያ ፈቃዱ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነበር። ነፋሱ ከሰሜን ይነፍስ ነበርና፣ ሳያስበው ወደ ፊቷ ተሻግሮ ከለላት።